ማራሽ ከወንዙ ማዶ

የነሐሴ ፀሐይ ቤሩትን በሚያነድበት ሰሞን እኔና ነነ ጣሪያ ላይ ወጥተን በርበሬ እናሰጣ ነበር። ነነ በእነሱ ቤት አያት ማለት ነው፤ ከልጅ ልጆቻቸው አፍ ሰምቼ እኔም ነነ አልኳቸው፣ በዚያው ቀረ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀዩን በርበሬ ለሁለት ይሰነጥቃሉ፤ እኔ ፍሬውን አራግፌ ነጭ አንሶላ ላይ እዘረጋለሁ። ደሴ እናቴ ቤት በርበሬ ስቀነጥስ ስላደግሁ ሥራው አልከበደኝም፤ ጣቴን ሲያቃጥለኝ እንኳ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። «ይሄ የማራሽ በርበሬ ነው» አሉኝ። ማራሽ የት እንደሆነ ብጠይቃቸው በያዙት ቢላ መጀመሪያ ቁልቁል ወደ መንገዱ አመለከቱ፤ ቀጥለው ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ከዶራ ሰፈር ባሻገር ወደሚታየው ተራራ። «እዚህ» አሉ፤ «እዚያም።»

ሊባኖስ የመጣሁት በ2011 ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቼ ፓስፖርቴን ወስደው ቆለፉበት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበረንዳው ወዲያ ያየሁት ነገር የለም። ኮንትራቴን ጨርሼ ነነን ለመጠበቅ ስቀጠር ግን በሩ ክፍት ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ዶራ ወርጄ፣ እንጀራ በልቼ እመለሳለሁ። ከነነ ጋር እስኪሞቱ ድረስ ሰባት ዓመት ያህል ኖርኩ። አሁን እዚያው ሰፈር ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ በሰዓት እየሠራሁ ነው። የምጽፈው ከእሳቸው አፍ የሰማሁትን፣ በዕረፍቴ ቀን በእግሬ ዞሬ ያየሁትን፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህም ያነበብኩትን ነው። ነገሩ ስለ አንድ የተወረረ መንግሥት ነው። ጦሩ የለም፣ ዙፋኑ የለም፣ መሬቱ የሌላ ሆኗል፤ እኔ ግን ዳቦ ልገዛ ስወጣ በየቀኑ አልፍበታለሁ።

የምኖርበት ቡርጅ ሐሙድ ከቤሩት ወንዝ በስተምሥራቅ ነው። ወንዙ በበጋ ሲሚንቶ ውስጥ የሚንጠባጠብ ጭላጭ ይሆናል፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ግን አገሩ ይለወጣል። መንገዱ ይጠባል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው በሰው ራስ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይወጠራል፣ የቋሊማና የባስተርማ ሽታ ይቀበልዎታል። ወርቅ ሠሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ነው። የሰፈሮቹ ስም ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና፣ ኖር ሲስ ይባላል። «ኖር» በአርመንኛ አዲስ ማለት ነው። አዲስ ማራሽ፣ አዲስ አዳና፣ አዲስ ሲስ። ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን በሰው አገር ረግረግ መሬት ገዝተን «አዲስ ደሴ»፣ «አዲስ ጎንደር» ብለን ስንሰፍር፣ መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ልጆቻችን አሁንም በዚያ ስም ሲጠሩት አስቡት። እሑድ እሑድ ዶራን የምንሞላው ኢትዮጵያውያን ገንዘብ ስንልክ፣ ጤፍ ስንገዛ፣ ፀጉር ስንሠራ በእነዚህ ስሞች መካከል እንመላለሳለን። ከየት እንደመጡ የጠየቀ ብዙ ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም ቢሆን በርበሬው ባይኖር አልጠይቅም ነበር።

የሰፈሩ ሰዎች አርመኖች ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የመጡባትን አገር በስም ያውቃታል። ሐዋርያው ጳውሎስ የተወለደባት ጠርሴስ የምትገኝባት ኪልቅያ ናት፤ ዛሬ በደቡብ ቱርክ፣ በቶሮስ ተራሮችና በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል ያለችው ሜዳ። አርመኖች ወደዚያ የገቡት አገራቸውን ተነጥቀው ነበር። በስተሰሜን የነበረችው ዋና ከተማቸው አኒ በ1045 በቢዛንታይን፣ በ1064 ደግሞ በሴልጁክ ቱርኮች እጅ ወደቀች፤ መሳፍንቱና ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቶሮስ ወረደ። በ1080 ገደማ ሩበን የተባለ መስፍን በተራራው ላይ የራሱን ግዛት መሠረተ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከዘሩ የተወለዱት ሌቮን፣ አርመኖች ልደትንና ጥምቀትን በአንድነት በሚያከብሩበት ቀን በጠርሴስ ዘውድ ጫኑ። መስፍንነቱ መንግሥት ሆነ። ያች የምትናፈቀው መንግሥት ራሷ ስደተኞች በሰው አገር ያቆሟት ነበረች፤ ይህን ሳውቅ ቡርጅ ሐሙድን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

መንግሥቲቱ ሦስት መቶ ዓመት ባትሞላም ሥራዋ ብዙ ነው። አያስ በተባለው ወደቧ ሐርና ቅመም ይራገፍ ነበር፤ ማርኮ ፖሎ በ1271 ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በዚያ አልፏል። ንጉሥ ሄቱም በሞንጎሎች ዘመን ከኪልቅያ እስከ ካራኮሩም ድረስ ተጉዘው ከታላቁ ካን ጋር ተዋዋሉ። ቶሮስ ሮስሊን የተባለው ሠዓሊ በብራና ላይ የሣላቸው የወንጌል ሥዕሎች እስከ ዛሬ ድረስ በወርቃቸው ያበራሉ።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው ግን አንድ የራሳችን ሰው ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስን የማያውቅ የተዋሕዶ ምእመን ጥቂት ነው፤ በዓላቸው መስከረም 18 ይከበራል። ቀዳሚት ሰንበትን በማክበር ጉዳይ ከአገራቸው ወጥተው በግብፅና በኢየሩሳሌም አድርገው፣ ቆጵሮስን አልፈው ወደ አርማንያ ተሻገሩ፤ በ1352 ገደማም እዚያው ዐረፉ። ከቆጵሮስ ማዶ በባሕሩ ዳር የነበረችው የአርመኖች አገር ይህችው የኪልቅያ መንግሥት ናት። ይህን ለነነ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው አማተቡ። «እኛ ጋ ያረፈ ቅዱስ አላችሁ ማለት ነው» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጎረቤቶቻቸው ሲያስተዋውቁኝ «የእኛ ሐበሻ» ማለት አመጡ።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ካረፉ ሃያ ምናምን ዓመት በኋላ መንግሥቲቱ ወደቀች። የግብፅ ማምሉኮች ከመቶ ዓመት በላይ እየደጋገሙ ሲያጠቋት ቆይተው በ1375 ዋና ከተማዋን ሲስን ያዙ። የመጨረሻው ንጉሥ ሌቮን አምስተኛ ዘውድ ከጫኑ ገና ሰባት ወራቸው ነበር። ተማርከው ካይሮ ተወሰዱ፤ በ1382 የስፔን ነገሥታት አስለቅቀዋቸው ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። የካስቲሉ ንጉሥ አዝኖላቸው በ1383 ማድሪድን እንዲገዙ ሰጣቸው። ዛሬ ትልቅ ዋና ከተማ የሆነችው ማድሪድ ያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ሌቮን ግን የሚፈልጉት ሲስን ነበር። ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ በመቶ ዓመቱ ጦርነት ተያይዘው ስለነበር እነሱን አስታርቀው ጦራቸውን ወደ ምሥራቅ ለማዞር ደከሙ። ባሕር ተሻግረው የእንግሊዙን ሪቻርድ ሁለተኛን ለመኑ። እርቁ አልሆነም። በ1393 ፓሪስ ላይ ሞቱ፤ የመቃብራቸው ሐውልት አሁን የፈረንሳይ ነገሥታት በተቀበሩበት በሳን ዴኒ ቤተ ክርስቲያን ተጋድሞ ይገኛል።

ይህን ሳነብ ጄኔቫ ላይ ቆመው የተናገሩት የእኛ ንጉሠ ነገሥት ትዝ አሉኝ። አገር የሌለው ንጉሥ በሰው ደጅ ይመላለሳል፤ ሰዎቹ በጨዋ ደንብ ተቀብለው፣ አዳምጠው፣ ወደ ጉዳያቸው ይመለሳሉ። የእኛው ንጉሥ ጫካ የገቡ አርበኞች ነበሯቸው። ሌቮን ግን ከኋላቸው የሚዋጋ ጦር አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ንጉሡ ከጠፉ በኋላም ተራራው ዝም አላለም። ከማራሽ በላይ ያለችው ዘይቱን የምትባል ገደላማ አገር ለኦቶማኖች ሙሉ በሙሉ ሳትገዛ ቆይታ፣ በ1862 እና በ1895 ጦር ሲዘምትባት መክታለች። ነነ የዘይቱንን ሰዎች ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ አያቴ የበላይ ዘለቀን ስም ስትጠራ እንደሚለወጠው።

ከዚያ 1915 መጣ። የኦቶማን መንግሥት አርመኖቹን ከየቀያቸው ነቅሎ ወደ ሶሪያ በረሃ ነዳቸው፤ ቁጥር ስፍር የሌለው ሕዝብ በመንገድና በዴር ኤዞር አሸዋ ላይ አለቀ። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋልና አልገባበትም። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የሞተው ሕልም ለሦስት ዓመት ያህል ነፍስ ዘራ። ከፈረንሳዮች ጎን የተሰለፈ የአርመን ሌጌዎን በ1918 ፍልስጤም ውስጥ አራራ በተባለ ስፍራ ተዋግቶ አሸነፈ፤ ከዚያም ከፈረንሳይ ጦር ጋር ኪልቅያ ገባ። ከበረሃው የተረፈው ሕዝብ በባቡርና በእግር ወደ አዳና፣ ወደ ማራሽ፣ ወደ ሲስ ተመለሰ። የነነ እናት ከነዚህ አንዷ ነበሩ። የፈረሰ ቤታቸውን ጣሪያ ከድነው፣ በርበሬ ተክለው፣ አንድ ክረምት ኖሩበት።

የኪልቅያ ዕጣ የተወሰነው ደግሞ በአብዛኛው እኔ በምኖርበት ከተማ ነው። ጄኔራል ጉሮ የፈረንሳይ የሶሪያና የኪልቅያ ከፍተኛ ኮሚሽነር ተብለው የተቀመጡት ቤሩት ነበር። በ1920 ክረምት ማራሽ ላይ በፈረንሳዮችና በቱርክ ብሔርተኞች መካከል ሦስት ሳምንት የፈጀ ውጊያ ሆነ፤ በየካቲት የፈረንሳይ ጦር በሌሊት ለቅቆ ወጣ። የሰማ ሁሉ በበረዶው ተከተለው፤ ብዙ ሺህ ሰው መንገድ ላይ ቀረ። የነነ እናት በረዶው ውስጥ የስድስት ዓመት ወንድማቸውን ይዘው ገቡ፤ ሲወጡ ግን ብቻቸውን ነበሩ። ነነ ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። በዚያው ዓመት ኦገስት 4 ሚህራን ዳማድያን የተባሉ መሪ አዳና ላይ የኪልቅያን ነፃነት አወጁ፤ ፈረንሳዮች ወዲያው በተኑት። አንድ ወር ሳይሞላ እዚህ ቤሩት ጉሮ የታላቋን ሊባኖስ መመሥረት አበሰሩ። በኦክቶበር 1921 ፈረንሳይ ከአንካራ ጋር ተስማምታ ኪልቅያን አስረከበች፤ አርመኖቹ በወራት ውስጥ በመርከብ ተጭነው ወጡ። መርከቦቹ ከደረሱባቸው ወደቦች አንዱ ቤሩት ነው።

ቱርኮች ያን የማራሽ ውጊያ የራሳቸው ነፃነት ብለው ያከብሩታል። ከተማይቱ ዛሬ ካህራማንማራሽ ትባላለች፤ ጀግናዋ ማራሽ ማለት ነው። ለአንዱ የነፃነት ቀን የሆነው ለሌላው የስደት ቀን ነው። ነነ ይህን ያውቁ ነበር። ከእናታቸው የወረሱትን ቱርክኛም ይናገሩ ነበር፤ እንዲያውም ሲናደዱ የሚናገሩት በእሱ ነው። «የወሰዱብን አገር እንጂ ምላስ አይደለም» ይሉኝ ነበር።

ስደተኞቹ መጀመሪያ የሰፈሩት በወደቡ አጠገብ ካራንቲና በተባለው ቦታ ነው፤ ድንኳን፣ ከዚያ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ጣውላ። ነነ በ1932 የተወለዱት እዚያ ነው። የአንድ ከተማ ተወላጆች በማኅበር ተሰባስበው፣ እኛ እድርና እቁብ እንደምንለው ሳንቲም አዋጥተው፣ ከወንዙ ማዶ ረግረጉን መሬት እየገዙ ቤት መሥራት ያዙ። በ1924 የሊባኖስ ዜግነት ተሰጥቷቸው ስለነበር ወረቀት ነበራቸው። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት እዚህ ሠርቼ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በአሠሪ ስም ካልታደሰ ሕገወጥ እሆናለሁ፤ ስለዚህ የዚያ ወረቀት ዋጋ ይገባኛል። ሰው ያለ አገር ሊኖር ይችላል፤ ያለ ወረቀት ግን መንገድ መሻገርም ያስፈራል።

አንድ ጊዜ ነነ ታመው ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ካርድ የምታወጣው ልጅ የትውልድ ቦታ ጠየቀቻቸው። «ማራሽ» አሉ። ልጃቸው ከጎን ሆኖ «ቤሩት በይ» አላት። ነነ እጃቸውን አነሡና «ማራሽ ጻፊ» አሉ ደግመው። ቤሩት ተብሎ ተጻፈ። በመንገድ ሁሉ አላናገሩንም። እሳቸው ማራሽን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ ነገር ግን የምንጩን ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል፣ የጎረቤቱን የሾላ ዛፍ ይነግሩኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተረት የሚያወሩኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን የእናታቸውን ቃል አንድም ሳያጎድሉ እንደያዙት ተረዳሁ፤ የእኛ አገር መሪጌታ ዜማውን ከመምህሩ አፍ እንደሚይዘው። ዛሬ እኔም ያን ምንጭ የማውቀው ይመስለኛል።

ስለ ፊደላቸው ልንገራችሁ። ኖር ማራሽ የገባሁ ሰሞን የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ አይቼ አማርኛ መሰለኝና ቆምኩ። የእኛን «ሀ» የምትመስል ፊደል አለቻቸው፤ እነሱ «ስ» ብለው ያነቧታል። «ቀ»ን የምትመስለው ደግሞ «ፕ» ናት። መስሮፕ ማሽቶትስ የተባለ መነኩሴ በ405 ገደማ ፊደሉን ቀረጸላቸው፤ የሁለቱን ፊደላት መመሳሰል ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ተነጋግረውበታል። አርመኖች ከመንግሥታቸው ሁሉ አጥብቀው የያዙት እሱን ነው። ከ1927 ጀምሮ የሚታተም አዝታግ የሚባል ዕለታዊ ጋዜጣ አላቸው፤ ነነ በየማለዳው በማጉያ መነጽር ያነቡት ነበር፣ የሞተ ሰው ማስታወቂያ ሳይቀር።

በኖር ማራሽ ያለው ቤተ ክርስቲያን ካራሱን ማኑግ ይባላል። እኛ መጋቢት 13 አርባ ሐራ ሰማይ ብለን የምናስባቸው አርባ ሰማዕታት ናቸው። ቃል በቃል ሲፈታ ግን «አርባ ልጆች» ማለት ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም አርባ ልጆች እኛም ዘንድ አሉ፣ እነሱም አርመኖች ናቸው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ከእልቂቱ ተርፈው በአርመኖች ገዳም ያደጉ ወላጅ የሌላቸው ልጆች በነሐስ ሙዚቃ ተቀበሏቸው። ራስ ተፈሪ አርባውን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ የቤተ መንግሥቱም ባንድ ሆኑ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የተወለዱት ከማራሽ ብዙ በማትርቀው በአይንታብ ነው። እሳቸው በደረሱት ዜማ፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በጻፉለት ግጥም በ1930ው የዘውድ በዓል የተሰማው መዝሙር እስከ አብዮቱ ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ። አገራቸው የጠፋባቸው ሰዎች ነፃ አገር ለሆነችው ለእኛ የክብር ዜማ ሠሩልን። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ንጉሥ ሌቮን ፓሪስ ላይ ሲሞቱ «የአርመን ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ የቆጵሮስ ነገሥታት ወሰዱት። የቆጵሮሷ ንግሥት ሻርሎት ደግሞ በ1485 ማዕረጎቿን ለባሏ ወገን ለሳቮይ ቤት አስተላለፈች። ሳቮይ ከጊዜ በኋላ የኢጣሊያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ሆነ። ስለዚህ ግንቦት 1 ቀን 1928 በእኛ አቆጣጠር፣ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ቆሞ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ የጫነለት ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ፣ አስቀድሞ ከአባቶቹ የወረሰው «የቆጵሮስ፣ የኢየሩሳሌምና የአርመን ንጉሥ» የሚል ማዕረግ ነበረው። ሲስን አላያትም፣ አዲስ አበባንም አልረገጣትም። አርመናዊው ያቀናበሩት የኢትዮጵያ መዝሙር በአዲስ አበባ ዝም እንዲል ያደረገው መንግሥት ራስ የአርመንን ዘውድ በስም ተሸክሞ ነበር።

አያቴ የጣልያንን ዘመን የምታወራልኝ በእህል ነበር። ወረኢሉ ገጠር ውስጥ እናቷ ማሽላውን ጉድጓድ ቀብራ፣ ላዩ ላይ እሳት አንድዳ፣ ሶላቶዎቹ ሲመጡ አመዱ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። አባቷ ጫካ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በእኛ አቆጣጠር ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ፣ እህሉም ከጉድጓድ ወጣ። ነነ ይህን ታሪክ ይወዱት ነበርና በየጊዜው ንገሪኝ ይሉኛል። ስጨርስ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «እህሉ ነቅዞ ነበር?» አልነቀዘም እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የእሳቸው እህል መቶ ዓመት እንደተቀበረ ነው።

ያ እህል የት እንዳለ ለማየት የፈለገ አንቴልያስ ይሂድ። ከዶራ በቫን ሃያ ደቂቃ ነው፤ ከአውራ ጎዳናው ወርዶ ወዲያው ነው። በሲስ ከ1293 ጀምሮ የተቀመጠው የኪልቅያ አርመኖች ካቶሊኮስ መንበር፣ እኛ ፓትርያርክ እንደምንለው፣ በስደት ሲንከራተት ኖሮ በ1930 የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ በነበረ ግቢ አንቴልያስ ላይ ዐረፈ። ስሙን አልለወጠም፤ ዛሬም የታላቁ የኪልቅያ ቤት ካቶሊኮስ ነው የሚባለው። ከሲስ ሲወጡ የቅዱስ ጎርጎርዮስ ቀኝ እጅ ያለበትን የብር ክንድና ቅዱስ ሜሮን የሚፈላበትን ጋን ተሸክመው ወጡ። ሜሮኑ በየሰባት ዓመቱ ሲፈላ ከአሮጌው ጥቂት ይጨመርበታል። በግቢው ውስጥ ካለች ትንሽ ጸሎት ቤት ከዴር ኤዞር በረሃ የተለቀመ አጥንት ተቀምጧል። ነነን የእልቂቱ መታሰቢያ በሆነው በኤፕሪል 24 ወስጃቸው በመስኮቱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። በመጨረሻ የእናታቸው ወንድም፣ አጎታቸው፣ እዚህ እንደሌለ ነገሩኝ፤ እሱ በረዶ ውስጥ ነው።

የአንቴልያስ መንበር ከእኛም ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በ1965 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበስቡ ካቶሊኮስ ኮሬን ቀዳማዊ ከተገኙት አንዱ ነበሩ። በ2015 ደግሞ ካቶሊኮስ አራም ቀዳማዊ በሲስ የነበረው የመንበሩ ግቢ ይመለስልን ብለው በቱርክ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ሲስ ዛሬ ኮዛን የምትባል የቱርክ ከተማ ናት፤ የገዳሙ ፍርስራሽ ከኮረብታው ሥር አለ። ነነ ወሬውን በቴሌቪዥን ሲሰሙ ማንቲ የሚባለውን የሊጥ ምግባቸውን እየጠቀለልን ነበር። ዱቄት በእጃቸው እንደያዙ ድምፁን ጨምሪ አሉኝ። ንጉሡ ሌቮን ጦር ለምነው ያጡትን እነዚህ በወረቀት ይጠይቃሉ። እኔ ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሰይፍ የያዘ ሲሸነፍ ጉዳዩ ያበቃል፤ የባለቤትነት ማስረጃ ይዞ የቆመን ሰው ግን ወይ መልስ ይሰጡታል ወይ ነገ ተመለስ ይሉታል፤ እሱም ይመለሳል።

ከአንቴልያስ ትንሽ ወደ ሰሜን ናህር አል ከልብ የሚባል ወንዝ አለ፤ የውሻ ወንዝ ማለት ነው። ተራራው ባሕሩ ድረስ ስለሚወርድ ጦር ሁሉ በዚያ ጠባብ መንገድ ማለፍ ነበረበት፤ ያለፈም ሁሉ ድንጋዩ ላይ ስሙን ጽፏል። የግብፁ ራምሴስ፣ የአሦሩ ንጉሥ፣ ናቡከደነፆር፣ ሮማውያን፣ በ1860 የዘመተው የናፖሊዮን ሦስተኛ ጦር፣ ጉሮ። ሊባኖሶች ራሳቸው የጻፉት የመጨረሻዎቹን ነው። በኖቬምበር 1943 ፈረንሳዮች ፕሬዚዳንት ቢሻራ ኤል ኩሪንና ጠቅላይ ሚኒስትር ሪያድ አል ሶልህን ራሻያ ምሽግ ውስጥ አሰሩ፤ ሕዝቡ በአድማ ወጣ፤ በኖቬምበር 22 ፈቷቸው። ያ ቀን የነፃነት በዓል ነው። የውጭ ጦር በ1946 መውጣቱን የሚናገር ጽሑፍ ከድል አድራጊዎቹ ድንጋይ አጠገብ ተቀርጿል። ነነ በ1943 የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆነው በቡርጅ ሐሙድ መንገድ ከትልልቆቹ ጋር ሮጠው ጮኸዋል። «ለሊባኖስ ነፃነት ጮኼያለሁ» ይሉ ነበር በኩራት። እዚያ ቋጥኝ ላይ ግን የማራሽ ስም የለም፤ የማራሽ ሰዎች ያለፉት ሸሽተው እንጂ ወርረው አልነበረም።

በ2020 ኦገስት 4፣ በእኛ ሐምሌ 28፣ ወደቡ ሲፈነዳ ነነ ወጥ ቤት ነበሩ። ሁሉም መስኮት ረገፈ፤ በመካከላችን የነበረው የሩዝ ድስት ጣሪያ ነክቶ ወደቀ። ካራንቲና፣ የተወለዱበት ስፍራ፣ ፊት ለፊት ነበርና ወደመ። አዳና ላይ ነፃነት ከታወጀ ልክ መቶኛ ዓመቱ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። እሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በረዶ የለም አይደል?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። በዚያው ክረምት በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። መቃብራቸው ላይ ልጆቻቸው ከስማቸው በታች በአርመንኛ «ማራሽ» ብለው አስቀረጹ። ካርዱ ላይ የተከለከሉትን ድንጋዩ ላይ አገኙ።

በፌብሩዋሪ 2023 በሌሊት አልጋዬ ተንቀጠቀጠ፤ ግድግዳው ሰፋ ጠበበ አለ። በካናቴራ ወጥተን መንገድ ላይ ቆምን። ሲነጋ ሬዲዮው የመሬት መንቀጥቀጡ መነሻ ካህራማንማራሽ አካባቢ መሆኑን ነገረን። ኖር ማራሽ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥተው ስሙን እየተቀባበሉ ያወሩ ነበር። አንዳንዶቹ ለቅሶ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር፣ ያልኖሩበት ከተማ፣ አባቶቻቸው በተባረሩበት ከተማ ሌሎች ሰዎች ሲሞቱ። ጎረቤቴ የልብስ ስፌት ባለሙያው በነጋታው ሱቁን ዘግቶ ብርድ ልብስ እየሰበሰበ ነበር።

ባለፈው መስከረም ደግሞ እኔ ብቻዬን ጣሪያ ላይ ወጥቼ በርበሬ አሰጣሁ። እናቴ ዘንድ ወደ ደሴ የምትሄድ ልጅ አግኝቼ በትንሽ ኮሮጆ ላክሁላት። በስልክ ደወለችልኝ፤ ወጡን ሠርታ ቀምሳዋለች፤ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ ብዙም የማያቃጥል በርበሬ አይታ አታውቅም።

«የት አገር በርበሬ ነው?» አለችኝ።

«የማራሽ ነው እማዬ።»

«ማራሽ የት ነው?»

«እኛ ሰፈር» አልኳት።